ምዕራፍ 3፦ ዋጋ የሚቆረጥበት ቦታ

ግሎባላይዜሽን ታዳጊ አገሮችን ጠቀመ ወይስ ጎዳ የሚለው ሙግት ዓመታት ቢያስቆጥርም እልባት አላገኘም። ገበያውን የሚደግፈው ወገን በሁለት ትውልድ ውስጥ ከድህነት የወጡትን የእስያ ሚሊዮኖች ይቆጥራል፤ የሚቃወመው ወገን የተዘጉ ፋብሪካዎችን፣ ዋጋቸው የወደቀ ሰብሎችንና በዕዳ የተያዙ መንግሥታትን ይቆጥራል። ሁለቱም የሚቆጥሩት አላቸው። ችግሩ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። ንግድ፣ ብድር፣ ቴክኖሎጂ፣ ስደትና ባህል በአንድ ስም ተጠቅልለው ሲቀርቡ ማንም የፈለገውን መዝዞ የፈለገውን ማስረዳት ይችላል። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ አንድ ሸቀጥ ብቻ ይዘን ጉዞውን እንከተላለን፤ ቡናን። ቡና የሚበቅለው ከሞላ ጎደል በታዳጊ አገሮች ነው፤ ከሚሸጠው አብዛኛው የሚጠጣው በበለጸጉት ዘንድ ነው፤ የኢትዮጵያም ቀዳሚ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በርካታ ድሃ አገሮች ያንኑ ሸቀጥ ለዚያው ገበያ አቅርበው የተለያየ ውጤት ስላገኙ፣ ልዩነቱን ምን እንዳመጣው ለይቶ ለማየት ያመቻል። መከራከሪያዬ ይህ ነው፦ ለዓለም ገበያ በር መክፈት በራሱ አገርን አያበለጽግም፣ አያደኸይምም። ወሳኙ ነገር ዋጋና ደንብ በሚቆረጥበት ቦታ አገሪቱ ድምፅ ያላት መሆኑ፣ በአገሪቱ ውስጥ ደግሞ ገበሬው ድምፅ ያለው መሆኑ ነው። በምዕራፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቡና ግሎባላይዜሽን ቃሉ ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት የተጀመረ ነው። አረቢካ የተባለው ዝርያ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ወጥቶ በየመን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው ለንግድ ተመረተ፤ ሞካ በተባለው ወደብ በኩልም ለዓለም ተሸጠ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደቾች ችግኙን ጃቫ ላይ ተከሉት፤ በ1706 አምስተርዳም የእጽዋት አትክልት ስፍራ ደረሰ፤ ከዚያ ፈረንሳዮች ወደ ካሪቢያን ደሴቶቻቸው ወሰዱት፤ በ1727 ደግሞ ብራዚል ገባ። ብራዚል ውስጥ ቡናውን ያለሙት ባሮች ነበሩ፤ ባርነት በሕግ የቀረውም በ1888 ነው። ከዚህ ታሪክ ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገን አንድ ነጥብ ነው። የተክሉ መገኛ መሆን ለኢትዮጵያ በገበያው ላይ ምንም መብት አላስገኘም። ችግኝ ድንበር ሲሻገር የባለቤትነት መብት አብሮት አይሻገርም ነበር፤ ይህ ጉዳይ ከ300 ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣል።

ዛሬ አንድ የይርጋጨፌ ገበሬ ቀይ እሸት ለቅሞ ወደ መፈልፈያው ሲያመጣ የሚነገረው ዋጋ የተጀመረው ኒው ዮርክ ነው። የአረቢካ ቡና የወደፊት ግዢ ውሎች እዚያ ይገበያያሉ፤ የሮቡስታ ደግሞ ለንደን። ላኪው የኒው ዮርክን ዋጋ ይዞ፣ እንደ ቡናው ጥራትና እንደ ፈላጊው ብዛት ጭማሪ ወይም ቅናሽ አድርጎ ከገዢው ጋር ይዋዋላል፤ አቅራቢው የላኪውን፣ ሰብሳቢው የአቅራቢውን ዋጋ እያየ ወደ ታች ይወርዳል። በመጨረሻ ሚዛኑ ፊት የቆመው ገበሬ የሚቀበለው ሌሎች ሁሉ ድርሻቸውን ካሰቡ በኋላ የቀረውን ነው። በብራዚል ውርጭ ሲወርድ ጅማ ላይ ዋጋ የሚንረው፣ ብራዚል ዝናብ ሲያገኝ ጅማ ላይ የሚወድቀው በዚህ ሰንሰለት ነው። በሐምሌ 1975 የብራዚልን የቡና ማሳዎች የመታው ከባድ ውርጭ በ1977 የአንድ ፓውንድ፣ ማለትም የግማሽ ኪሎ ገደማ ቡና ዋጋን ከ3 ዶላር በላይ አድርሶት ነበር። ቡና ደግሞ ከተተከለ በኋላ ምርት ለመስጠት 3 እና 4 ዓመት ይፈልጋል። ዋጋ ሲንር በየአህጉሩ ያለው ገበሬ በአንድ ጊዜ ይተክላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያፈራል፤ ያን ጊዜ ዋጋው ይወድቃል። ገበሬው ዛፉን ነቅሎ በማግስቱ ሌላ ሰብል ማምረት ስለማይችል እየከሰረም ይሸጣል። ገበያ ራሱን ያስተካክላል ሲባል የሚረሳው ይህ የጊዜ ክፍተት ነው፤ ማስተካከያው በየአሥርና አሥራ አምስት ዓመቱ በገበሬ ቤት ላይ የሚደርስ ጥፋት ነው።

አምራች አገሮች ይህን ዑደት ለመግራት ከጥንት ጀምሮ ሞክረዋል። ብራዚል ከ1906 ጀምሮ ትርፍ ምርቷን እየገዛች ታከማች ነበር፤ በ1930ዎቹ ታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ደግሞ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ጆንያ ቡና አቃጥላለች። ግን አንድ አገር ብቻውን ምርቱን ሲቀንስ የሚጠቀሙት የማይቀንሱት ጎረቤቶቹ ናቸው። ብቸኛው ለረጅም ጊዜ የሠራ መፍትሔ በ1962 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ነበር። አምራቾችም ገዢዎችም አባል የሆኑበት ድርጅት ለንደን ላይ ተቋቋመ፤ ለእያንዳንዱ ላኪ አገር ኮታ ተመደበለት፤ ዋጋ ሲወርድ ኮታው ይጠብቃል፣ ሲንር ይላላል ወይም ይታገዳል። በ1980ዎቹ የታለመው ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ1 ዶላር ከ20 ሳንቲም እስከ 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር። አሜሪካ ትልቋ ገዢ ሆና ሳለ ለምን ተስማማች? ከኩባ አብዮት በኋላ የላቲን አሜሪካ ድሃ ገበሬ በዋጋ ውድቀት ተማርሮ ወደ ኮሚኒዝም እንዳያዘነብል ትሰጋ ነበር። ለቡና ትንሽ ከፍ ያለ ዋጋ መክፈል ለዋሽንግተን የጸጥታ ጉዳይ ነበር ማለት ነው። የቀዝቃዛው ጦርነት ሥጋት ሲቀዘቅዝ ፍላጎቷም ቀዘቀዘ፤ በሐምሌ 1989 ድርድሩ ፈርሶ ኮታው ተሰረዘ። ለዓመታት ተከማችቶ የቆየው ቡና በአንድ ጊዜ ገበያውን አጥለቀለቀው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው ወደ ግማሽ ወረደ። በዚያ ዓመት የትኛውም ገበሬ ሥራውን አላጓደለም፤ የትኛውም አገር በሩን አልዘጋም። የተለወጠው ደንቡ ነው።

በዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይቀርባል፤ ተቃውሞውም መደመጥ ይገባዋል። ስምምነቱ ጉድለቱ ብዙ ነበር። ኮታ የሚሰጠው ለመንግሥታት ስለነበር ጥቅሙ በዋና ከተማ ይቀራል፤ ከአባል አገሮች ውጭ ለሚገኙ ገዢዎች ያው ቡና በርካሽ ይሸጣል፤ ጠጪው ጥራት ያለው አረቢካ እየፈለገ ሲመጣ ኮታው የድሮውን ድርሻ ይዞ ይቀጥላል። ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ደግሞ የራሳችን ነው። በደርግ ዘመን የቡና ግብይት በመንግሥት ኮርፖሬሽን ሥር ገብቶ፣ ዋጋ በአዋጅ ተቆርጦ፣ ግብሩ ከብዶ፣ ገበሬው ቡናው ውጭ አገር ከሚያወጣው ዋጋ ግማሽ እንኳ አይደርሰውም ነበር። የ1977 ዓይነት ታላቅ የዋጋ ንረት ገበሬውን ያለፈው በዚህ ምክንያት ነው። በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ቡና በኮንትሮባንድ ድንበር ይሻገር የነበረውም ገበሬው ከዓለም ገበያ ስለሸሸ ሳይሆን ወደ ዓለም ገበያ ለመድረስ ሲል ነው። ከ1992 ጀምሮ የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲለወጥና የግል ነጋዴ ሲፈቀድ ገበሬው ከኤክስፖርት ዋጋው የሚደርሰው ድርሻ ከፍ ብሏል። ይህን መካድ አይቻልም። እኔ ከዚህ የምረዳው ግን ተቃዋሚዎቹ ከሚሉት ይለያል። የገበሬው ድርሻ ከፍ ያለው የዓለም ዋጋ በወደቀበት ዘመን ነው፤ ከትንሽ ዳቦ ትልቅ ቁራሽ ደረሰው። በአንዱ ዘመን ውጭ ያለው ደንብ ዋጋውን ደግፎ ውስጥ ያለው መንግሥት ወሰደው፤ በሌላው ዘመን ውስጥ ያለው ሸክም ቀለል ብሎ ውጭ ያለው ድጋፍ ጠፋ። ሁለቱ በአንድነት የተሟሉበት ጊዜ አልነበረም።

ከ1989 በኋላ የሆነውን ለመረዳት ቬትናምን ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የገበያው ደጋፊዎች ምርጥ ምሳሌ እርሷ ናት። በ1990 ቬትናም የምታመርተው ቡና ከአንድ ሚሊዮን ጆንያ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ከ14 ሚሊዮን ጆንያ በላይ ሆነ፤ ከብራዚል ቀጥላም የዓለም ሁለተኛ አምራች ሆነች። በዚያው ዘመን ከድህነት የወጣው ሕዝብ ብዛት በታሪክ ብርቅ ነው፤ ከወጡትም ውስጥ ቡና ተካዮች አሉበት። እንግዲህ ክፍት ገበያ ሠራ አይደለም ወይ? ሠርቷል፤ ግን እንዴት እንደሠራ እንይ። መንግሥት በ1986 ከጀመረው ማሻሻያ በኋላ መሬትን ለቤተሰቦች አከፋፈለ፤ ብድር፣ መስኖ፣ ማዳበሪያና መንገድ አቀረበ፤ ከቆላማው አካባቢ ወደ ማዕከላዊ ደጋማ ግዛቶች ብዙ ሕዝብ እንዲሰፍር አደረገ። ገበያው የከፈለው ዋጋ ከዚህ ሁሉ ዝግጅት ጋር ስለተገናኘ ፍሬ አፈራ። የተከፈለ ዋጋም አለ። ደኑ ተመነጠረ፤ በደጋማው አገር ይኖሩ የነበሩ አናሳ ብሔረሰቦች መሬታቸውን ለሰፋሪ አጡ፤ በየካቲት 2001 በዳክ ላክና በጊያ ላይ ግዛቶች ያነሡት ተቃውሞም አንዱ መነሻው ይኸው የመሬት ጉዳይ ነበር።

የቬትናም እመርታ ከብራዚል አዳዲስ ማሳዎች ምርት ጋር ተደምሮ ገበያውን ሞላው። በ2001 የኒው ዮርክ ዋጋ በአንድ ፓውንድ ወደ 45 ሳንቲም ገደማ ወረደ፤ የኑሮ ውድነት ሲታሰብ በመቶ ዓመት ውስጥ ያልታየ ዝቅታ ነበር። በመካከለኛው አሜሪካ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የቡና ለቃሚዎች ሥራ አጡ። ሐረርጌ ላይ ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም ቶሎ እጅ ይገባል፤ ስለዚህ በገበሬው መፍረድ አይቻልም። ለዘመናት ስሙ የታወቀ ቡና ግን መሬቱን እየለቀቀ ሄደ። የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በዚያ ጊዜ ያወጣው ስሌት ነገሩን ያጠቃልላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ላይ ለቡና ከሚከፈለው 30 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለአምራች አገሮች የሚደርሰው ከ10 እስከ 12 ቢሊዮን ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ጠቅላላው ወደ 70 ቢሊዮን ሲያድግ ለአምራቾቹ የደረሰው 5 ቢሊዮን ተኩል ገደማ ሆነ። ገበያው ከእጥፍ በላይ ሰፍቶ ያመረቱት አገሮች ገቢ በግማሽ ተቆረጠ።

ይህን ልዩነት ሁሉ ዝርፊያ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልደመድመውም። ሲያትል ወይም ለንደን ውስጥ በቡና ቤት ለአንድ ስኒ የሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛው የቤት ኪራይ፣ የአስተናጋጅ ደመወዝ፣ የወተትና የግብር ዋጋ ነው። እነዚህ እዚያው የሚፈጠሩ ወጪዎች ናቸው፤ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ አይደሉም። መመርመር ያለበት ቀሪው ክፍል ነው። ጠጪው ለአንድ ቡና ከሌላው አብልጦ የሚከፍለው ለስሙና ለጣዕሙ ነው። ይርጋጨፌ ወይም ሐረር የሚል ጽሑፍ ያለበት እሽግ ከተራው ቡና በብዙ እጥፍ ሲሸጥ፣ ያንን ጭማሪ የፈጠረው የአካባቢው አፈርና ከፍታ እንዲሁም የገበሬው እጅ ነው። ይህ ጭማሪ ወደየት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ደግሞ በሕግ የሚመለስ ጥያቄ ነው፤ ኢትዮጵያም በ2005 በሕግ አንሥታዋለች።

በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ አመለከተ። ስታርባክስ የተባለው የቡና ቤት ኩባንያ ግን ከአንድ ዓመት በፊት ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበት የምርት ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበርም ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋልና ለአንድ ባለቤት ሊሰጡ አይገባም ሲል ተቃወመ፤ ቢሮውም የሐረርንና የሲዳሞን ማመልከቻ በመጀመሪያ ውድቅ አደረገ። ኩባንያው ያቀረበው አማራጭ ስሞቹ በመልክዓ ምድራዊ ምስክር ወረቀት እንዲጠበቁ ነበር፤ ማለትም ቡናው ከተባለው ቦታ መምጣቱን አንድ አካል እየመረመረ እንዲያረጋግጥ። በወረቀት ላይ የተሻለ የሚመስል ሐሳብ ነው። የኢትዮጵያ ባለሥልጣናት የሰጡት መልስ ግን የአገሪቱን እውነታ የያዘ ነበር። ቡናው የሚመረተው በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ፣ ከአንድ ሔክታር ያነሰ ማሳ ባላቸው ገበሬዎች ነው፤ ብዙው ጭነቱን በጀርባ ወይም በአህያ ያመጣል፤ እያንዳንዱን ጆንያ ተከታትሎ ማረጋገጥ የሚጠይቀው ወጪ ከሚያስገኘው ጥቅም ይበልጣል። የንግድ ምልክት ሲሆን ግን ስሙን ማን፣ በምን ሁኔታ ይጠቀምበት የሚለውን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች ከኢትዮጵያ ጎን ከቆሙ በኋላ በሰኔ 2007 ሁለቱ ወገኖች የስምምነት ሰነድ ፈረሙ፤ ስታርባክስ በስሞቹ የሚጠቀመው በኢትዮጵያ ፈቃድ ሆነ። ፈቃዱ የሮያሊቲ ክፍያ የለውም፤ ስለዚህ ነገሩ ትርጉም የለውም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ገበያው ለቡና ዋጋ የሚቆርጠው ገበሬው ከማይደርስበት ቦታ ሆኖ ሳለ ስሙ ላይ ኢትዮጵያ በዓለም ትልቁ የቡና ቤት ኩባንያ ፊት ባለቤት ሆና መቀመጧ፣ ከዚያ በፊት ያልነበራት መብት ነው። ቀሪው ሥራ በዚያ መብት መደራደር ነበር።

ያ ቀሪ ሥራ የተሰናከለው ውጭ አገር ሳይሆን ቤት ውስጥ መሆኑ ያሳዝነኛል። ስምምነቱ ከተፈረመ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ፣ በ2008 መጨረሻ፣ ቡና በአዲሱ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ብቻ እንዲሸጥ ተደረገ። የገበያው ጥቅም እውነተኛ ነበር፤ ዋጋ በይፋ ይታወቃል፣ ክፍያ በማግስቱ ይፈጸማል፣ ገዢና ሻጭ መተማመን ሳያስፈልጋቸው ይገበያያሉ። ነገር ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተለይቶ ከሌላው ጋር ስለሚቀላቀል የየትኛው መፈልፈያ ቡና እንደሆነ ገዢው ማወቅ አልቻለም። ከፍተኛ ዋጋ የሚከፍለው ገዢ ደግሞ የሚከፍለው ያንን ለማወቅ ነው። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቀጥታ የመላክ መብት ስለነበራቸው በከፊል አመለጡ፤ ሌላው አቅራቢ ግን ቡናው ስም አልባ ሆነ። ከ2017 ጀምሮ ደንቡ ተሻሽሎ አምራቾችና አቅራቢዎች በቀጥታ መላክ ቻሉ፤ በ2020 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባካሄደችው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር ያሸነፈው የሲዳማ ቡና በጨረታ በአንድ ፓውንድ ከ180 ዶላር በላይ ተሽጧል። የጥቂት ጆንያ ዋጋ የአገር ገቢ መለኪያ አይሆንም፤ ማሳው ከታወቀ ግን ቡናው ምን ያህል ሊያወጣ እንደሚችል ያሳያል።

ኮሎምቢያ ይህን ቀድማ ገብቷታል። የቡና ገበሬዎቿ ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1927 ነው፤ በ1938 የራሱን የምርምር ማዕከል አቋቋመ፤ በ1940 ዋጋ ሲንር የሚቆጥብ፣ ሲወድቅ የሚደጉም ፈንድ ተፈጠረ፤ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ሁዋን ቫልዴዝ በተባለ በቅሎ በሚጎትት ገበሬ ምስል የኮሎምቢያን ቡና ለአሜሪካ ጠጪ አስተዋወቀ። በ2007 የኮሎምቢያ ቡና በአውሮፓ ኅብረት የመልክዓ ምድር ስም ጥበቃ ሲያገኝ ከኅብረቱ ውጭ ካሉ የምግብ ምርቶች የመጀመሪያው ነበር። ፌዴሬሽኑ ከ2001 ውድቀት ገበሬውን ሙሉ በሙሉ አላዳነም፤ ትልልቅ አምራቾች ያመዝኑበታል ተብሎም ይተቻል። ቢሆንም ዋጋ ሲወድቅ የሚገዛው፣ በሽታ ሲመጣ አዲስ ዝርያ የሚያመጣለት ተቋም ያለው ገበሬና ምንም የሌለው ገበሬ በአንድ የዓለም ዋጋ ሥር እኩል አይጎዱም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ሐሳብ አለ፤ ለምን ቆልተን አንሸጥም? በጥሬው መላክ ነው ያደኸየን ይባላል፤ ጥፋቱም የበለጸጉ አገሮች በተቆላ ቡና ላይ በሚጥሉት ቀረጥ ይሳበባል። ቀረጡ አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት ጥሬ ቡናን በነጻ አስገብቶ በተቆላው ላይ 7.5 በመቶ ያስከፍላል። ነገር ግን ኅብረቱ ከ2001 ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በስተቀር የድሃ አገሮችን ምርት በሙሉ ከቀረጥ ነጻ ስላደረገ ለኢትዮጵያ ይህ ግንብ የለም። በር ክፍት ሆኖ ሳለ የተቆላ ቡናችን እምብዛም ያልገባበት ምክንያት ሌላ ነው። የተቆላ ቡና ጣዕሙን በሳምንታት ውስጥ ማጣት ይጀምራል፤ ቆልተው የሚሸጡ ኩባንያዎች የብዙ አገር ቡና እየቀላቀሉ አንዱ ሲወደድ በሌላው ይተካሉ፤ የሱፐርማርኬት መደርደሪያ በገንዘብና በማስታወቂያ የሚያዝ ቦታ ነው። አንድ የቡና ዛፍ የማይበቅልባት ጀርመን ከዓለም ታላላቅ ቡና ላኪዎች የሆነችው፣ ስዊዘርላንድ ከቸኮሌትና ከአይቧ ድምር ይበልጥ ከቡና የምታገኘው በዚህ ነው። የራሳችንም ችግር አለ። ለብዙ ዓመታት ላኪው ቡናውን አገር ውስጥ ከገዛበት ዋጋ በታች ወደ ውጭ ይሸጥ ነበር፤ ኪሳራውን የሚያካክሰው ባገኘው ዶላር ባስመጣው ሸቀጥ ላይ ነው። ለእንዲህ ያለው ላኪ የቡናው ጥራትም ስምም ጉዳዩ አልነበረም፤ የሚፈልገው ዶላሩን ነው። በምንዛሪ ላይ የተጣለው ቁጥጥር አገሪቱን ከዓለም ገበያ የጠበቃት ይመስል ነበር፤ በተግባር ግን ቡናችን በገዛ እጃችን ረከሰ። በአንጻሩ የማይጠቀስ ጥንካሬ አለን። ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን እኛው እንጠጣዋለን። ብራዚል ቆልታ አሽጋ መሸጥ የለመደችው በመጀመሪያ ለራሷ ሕዝብ ነው፤ አዲስ አበባና ሐዋሳ ላይ የታሸገ ቡና አስተካክሎ መሸጥ የቻለ ድርጅት ሃምቡርግ ላይ ለመሞከር መነሻ ይኖረዋል።

ወደ ደንብ ጉዳይ እንመለስ፤ የአሁኑ ዘመን ግሎባላይዜሽን ከቀረጥ ይልቅ በመመዘኛ የሚሠራ ነውና። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል፤ አስገቢውም ቡናው የበቀለበትን እያንዳንዱን ማሳ መገኛ በሳተላይት መለኪያ ማቅረብ አለበት። ዓላማውን እደግፋለሁ። የቬትናምን ደን ያየ፣ የካፋና የያዩ ደን ውስጥ የዱር ቡና እንዳለ የሚያውቅ ሰው ሊቃወመው አይችልም፤ ደናችን ከጠፋ የዓለም አረቢካ የዘር ጎተራ አብሮ ይጠፋል። ጥያቄዬ ወጪውን ማን ይሸከማል የሚለው ነው። አንድ የብራዚል ባለሀብት በሺህ ሔክታር የሚቆጠር ማሳውን በአንድ ቀን ያስለካል፤ እዚህ ያንኑ ያህል ቡና ለማስመዝገብ በሺዎች የሚቆጠሩ ጓሮዎችን እየዞሩ መለካት ያስፈልጋል። በጥላ ዛፍ ሥር፣ ደንን ሳይመነጥር ቡና ሲያለማ የኖረ ገበሬ ወረቀት ስለሌለው ብቻ ከገበያ የሚወጣ ከሆነ ሕጉ ሊጠብቀው የተነሣውን ደን ጠባቂ ቀጣ ማለት ነው። ያ ገበሬ ቡናው ካልተሸጠለት ዛፉን ቆርጦ በቆሎ ይዘራል። ሕጉ በሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ተደጋግሞ ተራዝሟል። ጊዜው የተገኘው ትልልቅ ላኪ አገሮችና ኩባንያዎች ስለጮኹ ነው፤ የጌዴኦ ገበሬ ድምፅ ብራስልስ አልተሰማም። የ1962ቱ ስምምነት ከነጉድለቱ አምራቾችን በድምፅ ሰጪነት ያስቀመጠ ነበር። የዛሬው መመዘኛ በገዢው ፓርላማ ይጸድቃል፤ አምራቹ የሚያውቀው ከጸደቀ በኋላ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከወቅታዊው ዋጋ የሚመነጭ ነው። ብራዚልና ቬትናም በድርቅ በመመታታቸው የአረቢካ ዋጋ በየካቲት 2025 በአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ በታሪክ ከፍተኛው ሆነ፤ ኢትዮጵያም በ2024/25 በጀት ዓመቷ ከቡና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። እንግዲህ ገበያው ፈርዷል፣ ስምምነትም ፈንድም አያስፈልግም የሚል ይኖራል። የ1977ን ዋጋ ተከትሎ የመጣውን ያየ እንዲህ አይልም። ይህ ዋጋ የመጣው ሌሎች አገሮች ዝናብ ስላጡ ነው፤ ዝናቡ ይመለሳል፤ በዚህ ዋጋ ተበረታተው በየአህጉሩ የተተከሉት ችግኞችም ከ3 እና ከ4 ዓመት በኋላ ያፈራሉ። የዋጋው መውደቅ አያጠራጥርም፤ ጊዜው ብቻ ነው የማይታወቀው። ኮሎምቢያ በ1940 የጀመረችውን ዓይነት ፈንድ ማቋቋም የሚቻለው ደግሞ ዋጋ ሲወድቅ አይደለም፤ ያን ጊዜ የሚቆጠብ ነገር የለም። በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለይቶ በገበሬው ባለቤትነት ሥር ማስቀመጥ የሚቻለው በእነዚህ ዓመታት ነው። ገንዘቡ ለሌላ የመንግሥት ወጪ እንዳይውል ዩኒየኖቹ ራሳቸው ቢያስተዳድሩት ይሻላል፤ የደርግ ዘመን ያስተማረን ይህንን ነው።

የፈንዱ የመጀመሪያ ሥራ ምን ይሁን ቢባል ጉንደላን አስቀድማለሁ። ብዙው የአገራችን የቡና ዛፍ አርጅቷል፤ በሔክታር የምናገኘው ምርትም ከብራዚልና ከቬትናም በእጅጉ ያነሰ ነው። ያረጀ ቡና ከሥሩ ከፍ ብሎ ሲጎነደል አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቶ የተሻለ ያፈራል፤ እንደ አዲስ መትከል ብዙ አያስወጣም፣ ደን መመንጠርንም አይጠይቅም። ነገር ግን የተጎነደለ ዛፍ ቢያንስ ሁለት የለቀማ ወቅት ያለ ምርት ያልፋል። ግማሽ ሔክታር ብቻ ያለው ቤተሰብ በእነዚያ ሁለት ወቅቶች የልጆቹን ደብተርና የቤቱን ጨው በምን እንደሚገዛ ካልተነገረው ባለሙያ ምንም ቢመክረው መጋዙን አያነሣም፤ ልክም ነው። ለእነዚያ ሁለት ወቅቶች የሚሆን፣ ዛፉ ሲያፈራ የሚመለስ ብድር በየወረዳው ኅብረት ሥራ በኩል ቢቀርብ፣ ቀጣዩ የዋጋ ውድቀት ሲደርስ ገበሬው የሚጠብቀው በእጥፍ በሚያፈራ ማሳ ይሆናል።